የጠለላ ምንጭና የአባቴ መሐላ

ጥር 16 ቀን 2011፣ ከቀየት ወዲያ

የቁፋሮ ማሽኑ ዛሬ ገባ። ከመሐል ሜዳ እዚህ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። መንገድ ላይ የቀደመችን የእህል ጭነት አህያ እኛ ስንደርስ ተራግፋ ድርቆሽ ትበላ ነበር።

የምንፈልገው የድንጋይ ከሰል ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ታዲዮስ (በፊቱ እርስዎ እለዋለሁ፤ በዚህ ደብተር አንቱታውን አንስቻለሁ) ለተሰበሰበው ሰው «ከእግራችሁ ሥር ሀብት ተኝቷል» ብሎ ተናገረ። ሁሉም እግሩን አየ።

ማታ እናቴ «ከሰሉ ሲወጣ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«ይነዳል።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኩበት አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ሌላ አልጠየቀችም። አምስት ዓመት ጂኦሎጂ ተምሬ፣ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ወደ ተወለድኩበት መንደር የተመለስኩት ከኩበት ጋር ልወዳደር መሆኑን እስከ ዛሬ አላሰብኩበትም ነበር።

ጥር 20

አባዬ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። የጋራ የግጦሽ መሬታችን ጓሳ ተዘግቶ ሣሩ በማይነካበት ዘመን የገዛ ላሙን እዚያ ስትግጥ አግኝቶ ራሱን የከሰሰ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ወዳጆ የሚባለው ሰው ደንብ ጥሷል» አለ ይባላል። መንደሩ ይህን እየሳቀ ያወራዋል። እሱ ሲስቅበት አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ከብት አስገብቶ ሲመለስ «ጠለላስ?» አለኝ። ጠለላ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ምንጭ ነው። ሠላሳ አራት ቤት ይጠጣዋል። እኛ የምንቆፍረው ከምንጩ አራት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

«ምንም አይነካውም» አልኩት።

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ አባዬ።»

ያየሁት ካርታውን ነው። ካርታው ላይ ጠለላ የለም።

ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ። ኢንጂነሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ፤ ውሃው እንደማይጎዳ ኩባንያው ያረጋግጣል የሚል። ጎረቤታችን ፋንታዬ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «ይኼን እንስራው ውስጥ ነው የምንከተው?» አለች።

ሰው የፈለገው የሚምል ሰው ነው። ኢንጂነሩ እኔ እምላለሁ አለ።

«የየት ደብር ልጅ ነህ?» አሉት።

«ቦሌ ነው የምኖረው።»

«ውሃው የጎደለ ቀን ቦሌ ድረስ መጥተን በር እናንኳኳ?»

ሳቁ ሳያልቅ አባዬ ተነሣ። የጠየቀው የለም። እኛ አገር ስለ ወሰንና ስለ ውሃ የሚምል ሰው የደጀ ሰላሙን በር ይዞ ነው የሚምለው። በሩን ያዘ። «ልጄ አይታዋለች። ጠለላ በዚህ ቁፋሮ ከጎደለ ይህ በር ይዘጋብኝ» አለና ስቦ ዘጋው። መምሬ ፍቅረ ሥላሴ መልሰው ከፈቱት፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ሰውም ነገሩ አለቀ ብሎ ተበተነ።

ኢንጂነሩ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ሪፖርቱ ውስጥ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚለው ርዕስ ሥር ይገባል አለኝ።

አባዬ የማለው በእኔ ቃል ነው። እኔ ያንን ቃል የተናገርኩት ራት እስኪቀርብ ነው።

የካቲት 6

ቁፋሮ ተጀመረ። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ። ብርዱ እስክሪብቶ አያስይዝም።

የካቲት 14

አርባ አንድ ሜትር። ቀይ ሸክላ አለፍን። የምንጨምረው ውሃ ተመልሶ አልወጣም። አንድ በርሜል። ሁለተኛ። ሦስተኛ። የማሽኑ ኦፕሬተር ምንዳዬ «ጠጣው» አለ። ኢንጂነሩ በስልክ «ቀጥሉ» አለ። ቀጠልን።

በኋላ፦ ምንዳዬ ሃያ ዓመት የቆፈረ ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። ማሽኑን ሲያጠፋ «እስኬ፣ ታች ክፍት ነው። ይኼን ደፍነን ሌላ ቦታ እንሞክር» ብሎኝ ነበር። ቀዩ ሸክላ ከላይ የሚሰርገውን ዝናብ እንደ ገበቴ ይዞ ወደ ጠለላ የሚያወርድ ይመስለኛል። እኛ ገበቴውን በሳነው። ይህ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ማረጋገጫው እስኪገኝ መጠበቅ ሙያዊ ግዴታ ነው።

የዕለቱ ቅጽ ላይ «የተለየ ሁኔታ» የሚል ሣጥን አለ። «የለም» ብዬ ሞላሁት። ሣጥኑ ጠባብ ነው፤ ረዘም ያለ ቃል አይዝም።

የካቲት 25፣ የሁዳዴ መግቢያ

ከመሐላው በኋላ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት፣ ጠለላን አንድ ቀን ለራሴ ያህል ለክቼው ነበር። የሃያ ሊትር ጀሪካን በሃምሳ ሰከንድ ይሞላ ነበር። ዛሬ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ፋንታዬ «ሰዓት ይዘሽ የምትቆሚው ውሃው እንዳያረፍድ ነው?» አለችኝ።

«ወቅቱ ነው እትዬ ፋንታዬ። በጋ ነው።»

«በጋውንማ እናውቀዋለን። ካንቺ በፊት ነበረ።»

ሁለት ደቂቃ ከሃያን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩም። አንድ ልኬት አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል።

መጋቢት 8፣ እሑድ

አባዬ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ሄዷል፤ ግን ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጋቢውን ተከናንቦ ቅዳሴውን ከውጭ ሰማ። መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ወጥተው «ወዳጆ፣ ምነው?» አሉት።

«በሩ ተዘግቶብኛል መምሬ።»

«ማን ዘጋብህ?»

«ራሴ።»

ቤት ስንመለስ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስረዳሁት። በረዷማ ተራሮችን፣ ውቅያኖስን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አባዬ እንግዳ እንደሚያዳምጥ ሰው በአክብሮት አዳመጠኝ። ስጨርስ «ጠለላ መጉደል የጀመረው የካቲት አጋማሽ ነው። አየሩ የተለወጠው በዚያ ሳምንት ነው?» አለ።

እናቴ ሽሮውን ማማሰል አቆመች። መልስ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም ጠበቅኩ።

መጋቢት 13፣ መሐል ሜዳ

ኢንጂነሩን ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ጠየቅኩት፤ ጉድጓዱን ለመድፈን።

«አሁን ከደፈንነው ጥፋት አመንን ማለት ነው። የከሰሉ ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት ይምጣና እናያለን።»

«በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መግባት ያቆመ ሰው አለ።»

«ማነው?»

«አባቴ ናቸው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ጥቂት አሰበና «ለጊዜው ሌላ ደብር ቢሳለሙስ?» አለኝ። ከልቡ ነው። መፍትሔ ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ።

በሚኒባስ ስመለስ እስከ ቤት ድረስ ያንን ፊት አስብ ነበር። እኔም ሰው ሳጽናና እንደዚያ ነው የምመስለው?

መጋቢት 24

ሁለተኛ ልኬት፣ ባለፈው ሳምንት፦ ሦስት ደቂቃ ከአርባ። ሦስተኛ ልኬት፣ ዛሬ፦ አምስት ደቂቃ። እንግዲህ ሦስት ሆነ።

ሴቶቹ አሁን ገደሉን ወርደው ከወንዙ ይቀዳሉ። አንድ ሰዓት መውረጃ፣ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት መውጫ። ዛሬ ከአጥሩ ጀርባ ሲያልፉ ሰማኋቸው፦

«ልጅቱ ናት ያታለለቻቸው።»

«እሳቸውስ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው በሴት ልጅ አፍ ይምላሉ?»

«የወለድሽውን ካላመንሽ ማንን ታምኛለሽ?»

የመጨረሻዋ ፋንታዬ ናት። እየደገፈችኝ ይሁን እየወቀሰችኝ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ደጃፍ ላይ ስታገኘኝ ግን ግልጽ አደረገችው። «አባትሽ ውጭ ቆሞ ቅዳሴ ይሰማል። አንቺ ውስጥ ቆመሽ ምን ትሰሚያለሽ?»

እናቴን በዚህ ወር ወደ ማርያም ማኅበር የጠራት የለም። «ረስተውኝ ነው» አለች። ሠላሳ ዓመት ያልረሷት ሰዎች ናቸው።

ሚያዝያ 3

አባዬን መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወሰድነው። ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ «አባባ፣ ብርድ ላይ ብዙ መቆም የለብዎትም» አለው። አባዬ «እሺ ልጄ» አለ። መድኃኒቱን በመሐረብ ቋጠረ። እሑድ የት እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን።

ስንመለስ መምሬ ፍቅረ ሥላሴ መንገድ ላይ አገኙኝ። እናቴና አባዬ ቀድመውኝ ሄደው ነበር።

«አባትሽ የማለው አይቶ አይደለም፤ ሰምቶ ነው» አሉኝ። «የነገረው ሰው በሰው ፊት ቆሞ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት ካለ፣ እፈታዋለሁ። ለትንሣኤ ውስጥ ገብቶ ይቆማል።»

«ያ ሰው ማን ይመስልዎታል መምሬ?»

«እኔ አልጠየቅኩሽም» አሉኝ። መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ።

ለሆሣዕና እናገራለሁ። ሰው ይሰበሰባል፣ ይመቻል።

ሚያዝያ 13፣ ሆሣዕና

አልተናገርኩም። ሰው በዛ። ሁሉም ጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርጎ ደስ ብሎታል። በበዓል መርዶ መንገር ደግ አይደለም።

ምን እንደምል በወረቀት ጽፌ ነበር። ሦስት ገጽ ነው። ሳነበው «እኔ» የሚለው ቃል ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አሳጥረዋለሁ። ለስቅለት።

ሚያዝያ 18፣ ስቅለት

እንደሆነው ልጻፈው።

ወደ ማታ፣ ስግደቱ ሊያልቅ ሲል፣ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ትከሻ እየመቱ ኃጢአትን የሚጠይቁበት፣ ለእያንዳንዱ ስግደት የሚያዝዙበት ሰዓት ነው። ሰልፉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ደርሶ ነበር። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ አለ፤ አንድ ገጽ ሆኗል፤ «እኔ» መጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ዝግጁ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለማንም አይደለም፤ ስለዚህ መዋሸት አይጠቅመኝም። ዝግጁ ነበርኩ።

መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ሰልፉን አቋርጠው በሩ ጋ ሄዱ፤ ውጭ የቆመውን አባዬን ሊጠይቁ። አባዬ ጎንበስ አለና ቀና ብሎ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ፦

«መምሬ፣ በሐሰት ምያለሁ። ልጄ ውሃው ሊነካ ይችላል ብላኝ ነበር። እንጀራዋ እንዳይቋረጥ ብዬ እኔ ነኝ ደብቄ የማልኩት።»

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ ግን ከፋንታዬ ነው የወጣው፤ «እግዚኦ» አለች፣ ቀስ ብላ።

መምሬ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ። ሦስት ገጽ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወደ አባዬ ተመለሱ። በማርያም ደጅ በሐሰት ለማለ ቀኖናው ዓመት ነው አሉ፤ ዓመት ሙሉ ከበሩ ውጭ፣ ያለ ቁርባን። ትከሻውን በወይራው ነካ አደረጉት፤ አልመቱትም። አባዬ መስገድ ጀመረ። አራተኛው ላይ እናቴ ወጥታ ያዘችው።

ተራዬ ደረሰ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉኝ።

«ምቀኝነት» አልኳቸው።

አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ።

ሚያዝያ 20፣ ፋሲካ

ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ፋንታዬ ድፎ ዳቦ ላከች። «ለእስከዳር» ብላ ነው። እናቴ ማኅበር ተጠራች፤ አልሄደችም። ሌሊቱን ከአባዬ ጋር ውጭ ነበረች።

ሚያዝያ 23

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ከሰሉ ግማሽ በግማሽ አመድ ነው። አይነድም ለማለት ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈዋል። ኢንጂነሩ «ተስፋ ሰጪ አይደለም» ብሎ ፋይሉን ዘጋው፤ ሲሚንቶውንም ፈቀደ፤ አሁን የሚያምኑት ጥፋት የለም። እኔና ምንዳዬ ከጥዋት እስከ ቀትር ደፈንን። ምንዳዬ የመጨረሻውን ባልዲ ሲያፈስ «የካቲት ላይ ቢሆን ስድስት ከረጢት ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ በላ» አለ። ሌላ አላለም።

ከሰዓት አባዬን ብቻውን አገኘሁት። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

«አንቺ ገና ብዙ ቦታ ትሄጃለሽ። ስም ይዘሽ ነው መሄድ ያለብሽ። እኔ ከዚህ በኋላ የምሄደው አንድ ቦታ ነው።»

«እሱን ነው የዘጋኸው አባዬ።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «ሰልፍ ላይ አየሁሽ» አለ። «ወረቀት ከኪስሽ እያወጣሽ ትመልሺ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ይከብድሻል።»

አውቆ ነው የቀደመኝ። ሁለት ሰው ብቻ ነበር ከፊቴ የቀረው።

ሚያዝያ 27፣ ዳግም ትንሣኤ

ተናገርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን መሐል ቆሜ፣ ወረቀት ሳልይዝ። «አባቴ አልዋሸም። ውሃው አይነካም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላይ አይቻለሁ አልኩት። ጉድጓዱ ውሃ ሲውጥ አውቄ ዝም አልኩ።» የመስክ ደብተሬን አወጣሁ፤ የየካቲት አሥራ አራትን ገጽ፣ ልኬቶቹን፣ ቀኑን ከነሰዓቱ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ።

«የወለደሽ ታድሏል» አሉኝ።

አልገባኝም። «እውነቴን ነው አባባ።»

«እናውቃለን ልጄ። የአባቱን ሸክም የሚሸከም ልጅ በዚህ ዘመን የት ይገኛል?»

ደብተሩን ለፋንታዬ ሰጠኋት። አንድ ገጽ ገለጠች፤ በጥንቃቄ መልሳ ዘጋችው፤ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «ክፉ ተናግሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ። ሌሎቹም ተከተሉ። ተሰልፈው። ወደ ሃያ ሰው የሚሆን አቅፎኝ መረቀኝ፤ እኔ በእያንዳንዱ ጆሮ «እኔ ነኝ» እያልኩ፣ እነሱ ጀርባዬን እየመቱ «አይዞሽ» እያሉኝ። የዛሬ ሦስት ወር በአንድ ቃል ያመነኝ አገር ነው።

ሰው ሲያልቅ መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ቀሩ።

«እርስዎስ ያምኑኛል?»

«ድሮም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይፍቱት።»

«አንቺን ካመንኩ እሱ በስቅለት ዕለት መስቀል ፊት ዋሽቷል። ያኛውን መሐላ ተሳስቶ ነው የማለው፤ ይኼኛውን ግን አውቆ ነው የዋሸው። ለዚህ ቀኖናው ከዓመት ይበልጣል።» መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ። «የቱን ላድርግለት?»

ጂኦሎጂ ስማር ያልተጠየቅኩት ጥያቄ የለም መስሎኝ ነበር።

«ዓመቱን» አልኳቸው።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ማሽኑ ሄዷል። ኩባንያው ወለጋ ሊልከኝ ነው፤ ወርቅ አለ ይላሉ። ሰኞ እነሣለሁ።

ዛሬ አባዬን እስከ ደጀ ሰላሙ አደረስኩት። ዳገቱን ሁለት ጊዜ አረፈበት። ከበሩ ጎን ድንጋይ አለው፤ ጋቢውን አነጠፍኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቅዳሴው ተጀመረ።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«እዚሁ እሰማለሁ።»

«ግቢ።»

«አልገባም አባዬ። እስከ ሰኞ ድረስ እንኳን።»

ሳል ያዘው። ከደረቱ ሥር የሚነሣ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳል ነው። እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሰዎች እያለፉ ይገባሉ፤ እሱን ዝም ብለው፣ ለእኔ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ።

«አንቺም ውጭ ከሆንሽ» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ ለምኑ ነው እዚህ የተቀመጥኩት?»

የጋቢውን ጫፍ አንሥቼ ጉልበቱ ላይ ደረብኩለት።

«ሂጂ እስኬ። ሰው ያያል።»

ተነሣሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። በሩን አልፌ ገባሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ግራና ቀኝ ለቀቁልኝ፤ ፋንታዬ እጄን ይዛ ወደ ፊት አሳለፈችኝ፣ መቅደሱ አጠገብ ድረስ፣ በዕድሜ የገፉ እናቶች የሚቆሙበት ቦታ። መልካም ቦታ ነው። ከዚያ ሆኖ የውጭ ሳል አይሰማም።